ከአልጋው አጠገብ ወንበር ይኑር

ጥያቄ፦ «የአረጋውያን መንከባከቢያ ማእከል ውስጥ አሥራ አራት ተንከባካቢዎችን አስተባብራለሁ። ልበ ደግ ልጆች ናቸው። ሰው ሊሞት ሲቃረብ ግን ግራ ይገባቸዋል። አንዷ ሰበብ ፈልጋ ከክፍሉ ትወጣለች። ሌላው ‹አይዞዎት፣ ይድናሉ› ይላል። አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ አንሶላ ያስተካክላል። ለሥልጠና ሁለት ቀን ተፈቅዶልኛል። ምን ላስተምራቸው? ደግሞስ ርኅራኄ ይማሩታል እንዴ? ወይስ አብሮ የሚወለድ ነገር ነው?»

መልስ፦ አንሶላ የሚያስተካክለውን ልጅ በደንብ አውቀዋለሁ። እኔም እንደሱ ነበርኩ።

ነርስ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ በሌሊት ተራዬ አንድ ሽማግሌ ሊያርፉ ተቃረቡ። መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ እንደገና ዘጋሁ። ትራሳቸውን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። የደም ግፊት ለካሁ። ለማን እንደሚጠቅም እንጃ። አንዲት አንጋፋ ባልደረባዬ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየች። ከዚያ ወንበር ስባ ከአልጋው ጎን አስቀመጠችና «ተቀመጪ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ተቀመጥኩ። እጃቸውን ያዝኩ። እስኪነጋ ድረስ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ስለዚህ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር። አዎ፣ ይማሩታል። ልጆችዎ የጎደላቸው ልብ አይደለም። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት፣ አፋቸው ምን እንደሚል፣ የሚያዩት ነገር ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ሰው የማያውቀው ነገር ፊት ሲቆም ይሸሻል፣ ይዋሻል፣ ወይም አንሶላ ያስተካክላል። ከክፍሉ የምትወጣዋ ልጅ ጨካኝ ስለሆነች አይመስለኝም። ፈርታ ነው።

ርኅራኄ ብዙ ጊዜ ይፈጃል የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ፈትነውታል። ሴቶችን በሁለት ቡድን ከፍለው፣ ሐኪም ስለ ጡት ካንሰር ሕክምና ሲያስረዳ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳዩአቸው። አንደኛው ቡድን ያየው ቪዲዮ ውስጥ ሐኪሙ «ከባድ ነገር ላይ እንዳሉ አውቃለሁ፣ አብረን ነን» የሚል ዓይነት ንግግር ጨምሯል። ልዩነቱ 40 ሴኮንድ ብቻ ነበር። የእነዚህኞቹ ሴቶች ጭንቀት ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ተገኘ። አርባ ሴኮንድ ትራስ ከማስተካከል ያነሰ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ቀናት። አንድ ነገር ልለምንዎት፤ አንድ ላይ አይጨርሷቸው። አራት ግማሽ ቀን አድርገው በሁለት በሁለት ሳምንት ልዩነት ይስጧቸው። መሀል ላይ ሥራቸው ላይ ይሞክሩት፣ ያልሆነላቸውን ይዘው ይምጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ፓወር ፖይንት ያየ ሰው የሚያስታውሰው የሻይ ሰዓቱን ነው። እኔ ራሴ ለዓመታት እንደዚያ ሳስተምር ኖሬያለሁ፣ ስለዚህ በድፍረት ነው የምናገረው።

የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ስለ ገላ ይሁን። ሞት ሲቀርብ ገላ ምን እንደሚሆን በግልጽ ይንገሯቸው። ሰውየው አብዛኛውን ቀን ይተኛል። ምግብ ይተዋል፣ ቀጥሎ ውሃም ይተዋል። ሽንቱ ይቀንሳል፣ ይጠቁራል። እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። ጉልበቱና እግሩ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ዝንጉርጉር ቀለም ይወጣል። አንዳንዱ ይቃዣል፣ ልብሱን ይጎትታል፣ ልነሳ ይላል። አተነፋፈሱ ይለወጣል፤ እየፈጠነና እየጠለቀ ሄዶ ቀስ እያለ ይመለስና ቀጥ ይላል። ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ይህ አተነፋፈስ ቼይን ስቶክስ ይባላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደብሊን ውስጥ ይሠሩ በነበሩ ሁለት ሐኪሞች ስም ነው የሚጠራው። ስሙን ቢረሱት ችግር የለውም። ፀጥታውን ግን አስቀድመው ይወቁት። ያላወቀ ሰው በዚያ ፀጥታ ውስጥ ይጮሃል፣ ታማሚውን ይነቀንቃል፣ ቤተሰቡን ያስደነግጣል።

የጣሩ ድምፅም አለ። ጉሮሮ ውስጥ የሚንኮሮኮረው። ሰውየው ምራቁን መዋጥም ማሳልም ስላቃተው ነው ድምፁ የሚመጣው። ለሰሚ በጣም ይከብዳል። ሕሊናውን የሳተው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠቃይበት አይመስልም። በጎኑ ማስተኛት፣ ራሱን ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ከንፈሩ ጥግ የሚወርደውን ቀስ ብሎ መጥረግ ነው። ቱቦ አስገብቶ ከጉሮሮ ለመሳብ መታገል አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅሙ ጭንቁ ይበልጣል። ለቤተሰቡ ደግሞ ሳይጠይቁ መንገር ነው፤ «ይህ ድምፅ ለእኛ ይከብዳል፣ እሳቸው ግን እየታነቁ አይደለም።»

ምግብ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሁሉ በላይ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰብ «በረሃብ እየገደላችሁት ነው» ይላል። ተንከባካቢውም በሆዱ እንደዚያ ያስባል፣ ስለዚህ ማንኪያ ይዞ ይታገላል። ልጆችዎ አንድ ነገር እንዲገባቸው ያድርጉ፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰው የሚሞተው መብላት ስላቆመ አይደለም። መብላት ያቆመው ገላው መዘጋት ስለጀመረ ነው። መዋጥ በማይችል ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ማንኪያ ሳንባ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽም አንዳንዴ እብጠቱንና የጣሩን ድምፅ ያባብሳል። ውሳኔው የሐኪሙና የቤተሰቡ ነው። ተንከባካቢው ግን ቤተሰቡ ባዶ እጁን እንዳይቀር የሚሰጠው ሥራ አለው፤ የአፍ እንክብካቤ።

እዚህ ላይ ንግግር ይበቃል። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፍቶ ይተኛ። መናገር አይችልም፣ እጁንም አያነሳም። ሌላው በንጹሕ ውሃ በራሰ ለስላሳ ስፖንጅ ከንፈሩን፣ ድዱን፣ ምላሱን ያጽዳለት፤ መጨረሻ ላይ የከንፈር ቅባት ይቀባው። የመጀመሪያውን ዙር ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያስደርጓቸው። የተኛው ሰው ይደነግጣል። አንዱ ያስመልሰዋል። አንዷ ስፖንጁ በጣም ስለራሰ ትታነቃለች። ሁለተኛውን ዙር ስም ጠርተው፣ «አፍዎን ላረጥብልዎ ነው» ብለው፣ ትከሻ ነክተው፣ ስፖንጁን ጨምቀው ይጀምሩ። ከዚያ ማንም አስተያየት ሳይሰጥ ይቀያየሩ። አንድ ግዙፍ፣ ቀልደኛ ወጣት ይህን ልምምድ ጨርሶ ተነስቶ «ለሦስት ዓመት ሰው አፍ ውስጥ ሳልናገር ስገባ ነበር» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ በአንድ ሰዓት ንግግር ያንን አላደርገውም።

በዚያው መንፈስ መገላበጥንም ያለማምዷቸው። ሰው ገና በአንሶላ ሲጎተት ምን እንደሚሰማው ካላየ «ላገላብጥዎ ነው» ማለትን እንደ ትርፍ ነገር ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ የፕሮግራም ጉዳይም አለ። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ የአልጋ ቁስልን ለመከላከል የተለመደ ነው። ሊያርፍ ሰዓታት የቀሩትንና ሲነካ የሚያቃስትን ሰው ግን በሰዓት ቆጥሮ ማገላበጥ ለሰውየው ሳይሆን ለሰንጠረዡ መሥራት ነው። ከኃላፊ ነርሷ ጋር ተነጋግሮ ለምቾቱ በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛው ግማሽ ቀን ሕመም ላይ ይሁን። የዘመናዊውን ሆስፒስ (ሊሞቱ ለተቃረቡ ሰዎች የሚደረግ እንክብካቤና የሚሰጥበት ቤት) መንገድ የጠረጉት ሲስሊ ሳንደርስ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ በመጨረሻ ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈቱ። በሦስቱም ወንበር ተቀምጠው ያዩትን «ሁለንተናዊ ሕመም» ብለው ጠሩት። አጥንት የሚሰብረው ሕመም አለ። ፍርሃቱ አለ። «ልጆቼ ምን ይሆናሉ» አለ። «ለምን እኔ» አለ። አራቱ ተጠላልፈው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ማስታገሻ ተሰጥቶትም የሚያቃስት ሰው ሁልጊዜ ተጨማሪ መድኃኒት ላይሆን ይችላል የሚፈልገው። አንዳንዴ የተጣላው ወንድሙን ነው።

ልጆችዎ መድኃኒት አያዙም። ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ግን እነሱ ናቸው፤ ሐኪሙ የሚያየው አምስት ደቂቃ ነው። መናገር የማይችል ሰው ሕመሙን በአምስት ቦታ ይናገራል፦ በትንፋሹ፣ በድምፁ፣ በፊቱ፣ በገላው አኳኋን፣ ሲያባብሉት በመረጋጋቱ ወይም ባለመረጋጋቱ። የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀው ፔይናድ የሚባለው መለኪያ እነዚህን አምስቱን ከዜሮ እስከ ሁለት ነጥብ እየሰጠ እስከ 10 ይደምራል። አንድ ገጽ ነው፣ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። ከዚያ አጻጻፉን ያስተካክሉላቸው። «ሌሊቱን ተረብሸዋል» ማለት ለሐኪም ምንም አይነግረውም። «9 ሰዓት ላይ ወደ ግራ ሳገላብጣቸው ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ እጄን ገፉ፣ ለ20 ደቂቃ አቃሰቱ» ይነግረዋል።

ሞርፊን የተባለውን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ደግሞ ሳያነሱ እንዳያልፉ። ብዙ ተንከባካቢ «ሞርፊን ተጀመረ ማለት አለቀ ማለት ነው» ብሎ ያምናል። የታዘዘውን ሰዓት የሚያዘገይ፣ «ትንሽ ይታገሱ» የሚል አጋጥሞኛል። ክፋት አይደለም፣ እኔ ገደልኩት ከሚል ፍርሃት ነው። በትክክል ተለክቶ ለሕመም የሚሰጥ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም። ሆድ ያደርቃል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በተጀመረ ዕለት ማለስለሻም አብሮ እንዲታዘዝ ይጠይቁ። መጀመሪያ አካባቢ ያስተኛል፣ ያቅለሸልሻል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 56.8 ሚሊዮን ሰው የማስታገሻ እንክብካቤ ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ከምክንያቶቹ መካከል የባለሙያ ሥልጠና ማነስና በሞርፊን ላይ ያለው ከልክ ያለፈ ቁጥጥር ይጠቀሳሉ። ፍርሃቱ እርስዎ ማእከል ውስጥ ብቻ አይደለም ማለቴ ነው። ሌላም ትንሽ ነገር፤ ሲታጠብ ወይም ሲገላበጥ የሚያመውን ሰው ከማጠብ በፊት ማስታገሻው እንዲደርሰው ሰዓቱን ማስማማት። ይህን ለማድረግ ጥሩ ልብ ሳይሆን ሁለት ተረኞች መነጋገር ነው የሚያስፈልገው።

ሦስተኛው ግማሽ ቀን ንግግር ነው። ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። «አይዞዎት፣ ይድናሉ» የሚለው ልጅ የሚያጽናናው ራሱን ነው። ታማሚው ብዙ ጊዜ እውነቱን ያውቃል። ያንን መልስ ሲሰማ የሚገባው፣ ከዚህ ልጅ ጋር ስለ እውነቱ ማውራት እንደማይቻል ነው። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱን ብቻውን ይይዛል።

አንድ ጥያቄ መርጠው ደጋግመው ያለማምዷቸው፦ «እየሞትኩ ነው እንዴ?» እርስዎ አልጋ ላይ ይተኙና ይጠይቋቸው። መልሱን በወረቀት እንዳይጽፉት። ጮክ ብለው ይበሉት፣ ይንተባተቡ፣ እንደገና ይበሉት። ፍርድ የሚሰጥ መልስ የሐኪሙ ሥራ ነው፤ የተንከባካቢው ሥራ በሩን አለመዝጋት ነው። «ምን ተሰምቶዎት ነው እንዲህ ያሉኝ?» ይበቃል። ከዚያ መቀመጥ፣ ከዚያ ዝም ማለት። ዝምታውን በሰዓት ይለኩላቸው። አሥር ሴኮንድ በሰው ዓይን ፊት ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባቸዋል። አብዛኞቹ በሦስተኛው ሴኮንድ ያወራሉ። ሰውየው ዋናውን ነገር ሊያወጣ የነበረው በሰባተኛው ላይ ነበር። «ፈርተዋል?» ማለትም ይቻላል። «አላውቅም፣ ግን ነርሷ መጥታ እንድታነጋግርዎት አደርጋለሁ» ማለትም ይቻላል። ያሉትን ግን የግድ መፈጸም ነው። ነርሷ ካልመጣች ያ አልጋ ላይ ከዚያ ወዲያ ማንም አይታመንም።

ስለ መስማት አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2020 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆስፒስ ውስጥ ሊያርፉ ሰዓታት የቀሯቸውን፣ ምላሽ መስጠት ያቆሙ ሰዎችን የአንጎል ሞገድ ለክተው ነበር። የአንዳንዶቹ አንጎል ለድምፅ የሰጠው ምላሽ ከጤነኞች ጋር ይመሳሰል ነበር። ትርጉሙን ይረዱት አይረዱት ጥናቱ አይናገርም። ለእኛ ሥራ ግን ይህ ይበቃል። አልጋ ላይ ባለ ሰው አናት ላይ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ነገው ተራ፣ «ዛሬን አያድሩም» እያሉ ማውራት ይቅር። ቤተሰብ «ይሰማኛል?» ሲል «ይሰማዎታል ብለው ያናግሯቸው» ማለት ነው።

ስለ ቤተሰብም ቀድሞ ማሰብ ይሻላል። ምን እንደሚመጣ ሳይደርስ መንገር፣ እጃቸው ላይ ሥራ መስጠት፤ ያን የአፍ ስፖንጅ፣ እግር ማሸት፣ ፊት ላይ በቀስታ የሚነፍስ ማራገቢያ መያዝ። ነፋስ ፊት ላይ ሲያርፍ የትንፋሽ ማጠር ስሜትን ይቀንሳል፣ ቀላል ዘዴ ነው። ከቤተሰቡ መካከል ቁጡ የሆነውን ልጅ ደግሞ አይጣሉት። ብዙውን ጊዜ ከሁሉም በላይ የራቀውና ዘግይቶ የደረሰው እሱ ነው። እምነትን በተመለከተ ደንቡ አጭር ነው፤ ይጠይቁ፣ የታማሚውን ይከተሉ፣ የራስዎን አይጫኑ።

አራተኛው ግማሽ ቀን የልጆቹ ነው። ይህን ክፍል ጊዜ አጠረኝ ብለው እንዳይዘሉት። በጀርመናዊቷ ተመራማሪ በታንያ ሲንገር የተመራ የነርቭ ሳይንስ ቡድን አንድ የሚጠቅመን ነገር አሳይቷል። ሰዎች የሌላውን ሥቃይ በራሳቸው ላይ እንዳለ አድርገው እንዲሰማቸው ሲሠለጥኑ መጥፎ ስሜታቸው ጨመረ። ቀጥሎ ለዚያ ሰው በጎ መመኘትንና መቆርቆርን ሲለማመዱ ስሜታቸው መልሶ ተነሳ። ሥራ ላይ የማየውም ይህንኑ ነው። ቶሎ የሚደክሙት ደረቆቹ አይደሉም። ከእያንዳንዱ ታማሚ ጋር አብረው የሚሞቱት ናቸው። «አብሬው ልታመም» ከማለት «ምን ላድርግለት» ወደ ማለት መሸጋገር ልምምድ ይፈልጋል። ከላይ ያልኩዎት ስፖንጅ፣ ወንበርና አሥር ሴኮንድ ለዚህም መድኃኒት ናቸው። የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ቶሎ አይሰበርም።

ሌላው ከሞት በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ናቸው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ጆናታን ባርትልስ የተባለ የድንገተኛ ክፍል ነርስ አንድ ቀላል ነገር ጀመረ። ሰው ሲያርፍ ሁሉም ባለበት ቆሞ አንድ ደቂቃ ያህል በዝምታ ያስበዋል። ጸሎት አይባልም፣ ረጅም ንግግር የለም። ይህ ልማድ ወደ ብዙ ሆስፒታሎች ተዛምቷል። ገንዘብ አያስወጣም። እርስዎ ማእከል ውስጥ ግን አሁን የሚሆነው ምን እንደሆነ ልገምት፤ አልጋው ይነጠፋል፣ ወለሉ ይጸዳል፣ ቀጣዩ ይገባል። ልጆቹ ያንን አይተው የሚማሩት ነገር አለ። ስለዚህ ደቂቃዋን ያስጀምሩ። በዚያው ሳምንት ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ያወሩ፤ ምን ደህና ሄደ፣ ምን ከበደ፣ ማን ያልተኛ አለ። የሚመራው ሰው ቅጽ ይዞ አይምጣ። ጥፋተኛ መፈለጊያም አይሁን፤ አንዴ ከሆነ ሁለተኛ ማንም አፉን አይከፍትም።

ውጤቱን በምን ያውቁታል? በሰርተፍኬት አይደለም። ከወር በኋላ ሊያርፍ ወደተቃረበ ሰው ክፍል ሳያስታውቁ ይግቡ። ከአልጋው ጎን ወንበር አለ? ከንፈሩ ርጥብ ነው? ማስታወሻው ላይ ሰዓትና የፊት ሁኔታ ተጽፏል? ተረኛው ታማሚው ማን ተብሎ መጠራት እንደሚወድ ያውቃል? እኔ ሌላ አልጠይቅም።

ከክፍሉ ስለምትወጣዋ ልጅ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። በሰው ፊት አይገሥጿት፣ ብቻዋንም አያስገቧት። ደህና ከሚሠራ አንድ ሰው ጋር ያጣምሯት፤ መጀመሪያ የአፍ ስፖንጁን ብቻ ትያዝ። በቀጣዩ ገላ በማጠብ ታግዝ። ቤተሰቧ ውስጥ በቅርቡ ሐዘን ደርሶ እንደሆነም ይጠይቋት፣ ብዙ ጊዜ አለ። ካለ ለጊዜው ከዚያ ክፍል ይቀይሯት፤ ይህ ቅጣት እንዳልሆነም ይንገሯት። ዝግጁ ነኝ ብላ የመጣች ቀን ደግሞ እርስዎ ቀድመው ይግቡና ሁለት ወንበር ያስቀምጡ።